ጊቤ ተወለደ

ልጁ ከተወለደ አንድ ሰዓት አልሞላውም። አባቱ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለት ቃል ለቀቀ፦ «ጊቤ ተወለደ!»

ፎቶ የለው፣ ኪሎ የለው፣ «እናቲቱ ደህና ናት» የሚል የለው። መልእክቱን በራሴ ስልክ ያነበብኩት እዚያው ኮሪደር ላይ ከጎኑ ቆሜ ነው።

«ጊቤ ማነው?» አልኩት።

«እሱ ነዋ!» አለና በአገጩ ወደ ማዋለጃው ክፍል አመለከተኝ።

መልስ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀም። አዲስ አበባ ያለው የአጎታችን ልጅ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ መብራት አይጠፋም በሉኛ!» አለ። ሌላው ተቀበለው፦ «ስንት ሜጋ ዋት ሆኖ ተወለደ?» ልጁ 3 ኪሎ ከ100 ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት እስከ ክርስትናው ድረስ ቤታችን ውስጥ ስለሄደው ክርክር ነው። ጥያቄው አንድ ነው። ጊቤ ለወንድ ልጅ ስም ይሆናል ወይ? የሰዎቹን ስም አልጠራም፣ አደራ ብለውኛል። እናቲቱ ታናሽ እህቴ ናት። እኔ እዚሁ ጅማ አማርኛ አስተምራለሁ። ከ20 ዓመት በላይ በየጠዋቱ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ። የስም ነገር በተነሳ ቁጥር ቤተሰቡ ዳኛ የሚያደርገኝ ለዚህ ነው። ደመወዝ የለውም እንጂ።

ስሙ ከየት መጣ

እህቴና ባሏ የጅማ ልጆች ናቸው፣ ኑሯቸውም እዚሁ ነው። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ የእሱ እህት ሠርግ ነበር። ቀኗ ገና 3 ሳምንት ይቀረዋል ተብሎ ሄደች። እኔ አልወደድኩትም። በዚያ ሆድ 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ምን የሚሉት ነው? «ካልሄድኩ ይቀየሙኛል» አለችኝ።

ሲመለሱ በአባዱላ ነበር። ወልቂጤን አለፉ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ የጊቤን ድልድይ ተሻገሩ። ዳገቱን ሲጀምሩ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ከዚያ ጅማ ለመግባት ገና የሰዓታት መንገድ ይቀራል። እንደምንም መንገድ ዳር ካለ ጤና ጣቢያ ደረሱ። አዋላጇ አየቻትና «ገና ነሽ፣ ትደርሻለሽ» ብላ በአምቡላንስ ላከቻት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጅማ ወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለ፣ ገንፎው ተገነፋ።

የአባትየው ሐሳብ ግን እዚያው ድልድዩ ላይ ቀርቷል። «ጊቤን ተሻግሮ ለመጣ ልጅ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል?» ይላል። ነገሩ ሥር አለው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ጭነው የነዱ ሹፌር ናቸው። እሱም ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይሄድ ነበር። ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ሲፈላ ጄሪካን ተሸክሞ ውሃ የሚያቀብለው እሱ ነው። ለእሱ ጊቤ ማለት ልጅነቱ ነው። አንድ ምሽት ይህን ሲያወራኝ እኔም ስሙን ልወደው ምንም አልቀረኝ።

ስሙ ሲመዘን

የእሱን ወገን ይዤ ልጀምር። ሰው «እንግዳ ስም ነው» ሲል ብዙ ጊዜ «አልለመድኩትም» ማለቱ ነው። እስኪ የለመድናቸውን ስሞች እንደ አዲስ እንስማቸው። በላቸው። አይችሉህም። ሽብሩ። ደምሰው። እነዚህን ስሞች የያዙ ረጋ ያሉ፣ ዝንብ የማይነኩ አባቶች አውቃለሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ልጅ ሞቶባት የወለደች እናት ልጇን ማስረሻ ወይም ካሳ ወይም ምትኩ ትለዋለች። እኛ አገር ስም ለጆሮ እንዲያምር ብቻ አይወጣም። የዚያን ሰሞን ወሬ ይዞ ይቀራል። በዚህ ከሄድን ከመንገድ የተገኘ ስም ምንም ነውር የለውም። የወንዝ ስምም ቢሆን አባይ የሚባል ሰው ሞልቶ የለ? በኦሮምኛም ሮባ አለ፣ ዝናብ ነው።

ጊቤ ደግሞ ተራ ወንዝ አይደለም። ከጎጀብ ጋር ሲገናኝ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞም ወርዶ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ራሷ ጅማ በታሪክ «የጊቤ መንግሥታት» የተባሉት በእሱ ነው። የጅማ ሰው ልጁን ጊቤ ቢል ያምርበታል እንጂ አያሳፍረውም። በከተማችን መሃል የሚያልፈው አዌቱ ነው፤ ልጁ አዌቱ ላይ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር። አዌቱን ያየ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ። እናታችን በአንድ ቃል ዘጋችው፦ «ጊቤ ንዳድ ነው።» በእሷ ዘመን ጊቤ ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው ወባ ይዞ ይመለሳል፣ ከብቱን ደግሞ ገንዲ ይጨርሰዋል። ለእሷ ስሙ በሽታ በሽታ ይሸታል። ጎረቤታችን ሴትዮ ቅቤ ይዘው ሊጠይቁ መጥተው ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ወንዝ ሰው ይወስዳል ልጄ» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ይህን በትምህርት ሚዛን አልመዝነውም። ልጁን በየቀኑ ስሙን የሚጠሩት እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው። እነሱ ስሙን ሲጠሩ ፊታቸው የሚጨፈገግ ከሆነ ልጁ ያየዋል።

የእኔ ስጋት ሌላ ነበር፣ የፊደል ነገር። ጊቤ ሲጻፍ አንድ ሰረዝ ብትጎድል «ግቤ» ይሆናል፣ የእኔ ግብ እንደማለት። ሌላው «ግቢ» ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን በየመስኮቱ «አይደለም፣ ጊ፣ ሣልሱ ጊ» እያለ ሊኖር ነው። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ውስጥ «ማላገጥ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፣ ፊደል በፊደል። ፋይዳ ላይ ስም በሁለቱም ፊደል እንደሚሰፍር አይርሱ። የአባቱም ስም በ«ጌ» ይጀምራል፣ ሁለቱን አከታትሎ ለመጥራት አንድ ጊዜ ምራቅ መዋጥ ያስፈልጋል።

የሕዝቡ መሳቂያ የሆነው የመብራቱ ነገር ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሁለት 420፣ ጊቤ ሦስት 1870። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል፣ ቁጥሩን ባያውቅ ስሙን በዜና ሰምቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ይህ ልጅ ተጠያቂ ነው።

ነገሩን በወሬ ከምጨርሰው ልሞክረው አልኩ። አንድ ጠዋት አራተኛ ክፍል ገብቼ ስም ጠርቼ ስጨርስ፣ ደብተሩን ሳልዘጋ፣ «ነገ ጊቤ የሚባል አዲስ ተማሪ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከኋላ ወንበር ወዲያው መጣ፦ «ጊቤ ሦስት!» ቀጥሎ «ቲቸር፣ ከደገመ ጊቤ ሁለት ነው!» መስኮቱ ጋ ያለው «መብራት አብራ፣ መብራት አጥፋ» እያለ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። አንዷ «ጊቤ ጋቢ ገዛ» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ከፊት የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ ግን «ሴት ነው ወንድ?» አለች። ሰዓቴን አየሁ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ይህን ለአማቻችን ስነግረው እንደተሸነፈ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እትዬ፣ አበበ ለሚባል ልጅስ ምን ይሉታል?» አለኝ። ያዘኝ። አበበ በሶ በላ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ። ከፊደል ጋር የተማርነው ነው። በአገሩ ሙሉ ከሞላው ስም በላይ የተቀለደበት የለም። 20 ዓመት ስም ስጠራ ያየሁትም ይኸው ነው። ልጆች መቀለድ ካማራቸው ስሙ እንግዳ ይሁን ተራ ግድ የላቸውም። የሚያዩት ባለቤቱ ሲጠሩት አንገቱን መድፋት አለመድፋቱን ነው። ስለዚህ የክፍሉን ፈተና ከሚዛኑ አወረድኩት። ስሙ ከዚያ ፈተና አልፎ ነበር ማለት ይቻላል።

መሃል ስም የለንም

አሜሪካ ያለችው አክስታችን በግሩፑ ላይ መፍትሔ ያለችውን ጣለች። «መሃል ላይ አድርጉትና ይገላግላችሁ።» እዚያ ይሆናል። እኛ ጋ መሃሉ ተይዟል። ከልጁ ስም ቀጥሎ አባቱ አለ፣ ከአባቱ ቀጥሎ አያቱ። የማይስማሙበትን ስም የሚደብቁበት ኪስ የለም።

በዚያ ላይ ስሙ እሱ ዘንድ አያበቃም። ነገ የእሱ ልጆች አባት ስም ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ አያት ስም። ከወረቀት ልፋቀው ቢባል ደግሞ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት አለ። እኔ ስም ለሚያወጣ ሰው ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ሕፃኑን ብቻ እያዩ አይምረጡ። ከፊቱ «አቶ» ይጨምሩበት፣ ከዚያ የማያውቋትን ልጃገረድ ስም አስቀድመው ይጥሩት። «እከሊት ጊቤ።» ሞከርነው። እውነቱን ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። ከባድ ነው፣ ግን ይቆማል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጁ በመሃል ማሙሽ ሆነ። ይህ ቀልድ አይደለም። ስም ሲዘገይ ማሙሽ ይገባና አይወጣም። ሪዝ አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ እስከዛሬ ማሙሽ የሚባል ጎረምሳ የሌለበት ሰፈር የለም። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ «የእከሊት ልጅ» ነው የሚለው። የክትባት ካርዱ ላይ ደግሞ እኔው ራሴ፣ ነርሷ ስትጨቀጭቀኝ፣ «ማሙሽ» ብዬ አስጽፌያለሁ።

እህቴ ስትናገር

እስካሁን ያልተናገረ ሰው እንዳለ አስተውለው ይሆናል። እኔ አላስተዋልኩም ነበር። አፍሬ ነው የምጽፈው። አባት ተናገረ፣ አያት ተናገረች፣ ጎረቤት፣ አክስት፣ አራተኛ ክፍል ሳይቀር ተናገረ። አራሷ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ወይ ታጠባለች ወይ ተኝታለች። ድካም መስሎን ነበር።

በ26ኛው ቀን ሌሊት እኔ ነበርኩ አብሬያት ያደርኩት። ልጁን አጥብታ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን ትመታለች። መብራት ጠፍቷል፣ ሻማ ነው። እኔም ለማሳቅ «ጊቤ ምነው ዛሬ ጨለማ ውስጥ ተውከን?» አልኩት። አልሳቀችም።

«እትዬ፣ አንቺም ጀመርሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። የአባዱላው ወንበር የተሸፈነው በላስቲክ ነው። ሙቀቱ ከጭኗ ጋር አጣብቆታል። ውሃው ሲፈስ መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነው፣ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። ከጎኗ የነበረች የማታውቃት ሴትዮ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው። ሙዚቃው ሲዘጋ ነው «ልሞት ነው ማለት ነው» ብላ ያሰበችው። ልጁ ሆዷ ውስጥ እንቅስቃሴውን ያቆመ መሰላት። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይላል፣ ባሏ እጇን ይዞ ስልክ ይደውላል፣ እሷ ግን በመስኮቱ ወደ ኋላ የቀረውን ወንዝ ታያለች። ገደሉ ውስጥ ሲያንስ፣ ሲያንስ።

«እሱ ጊቤ ሲል የሚታየው ጋቢናና አባቱ ናቸው» አለችኝ። «እኔ ጊቤ ሲሉኝ ያ ወንበር ነው የሚመጣብኝ። ልጄን በጠራሁ ቁጥር መደንገጥ አልፈልግም።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል እሱ። መልአኩ ቢሆን እኔን ይጠይቀኝ ነበር።»

ያን ሌሊት ጉዳዩ በእኔ በኩል ተዘጋ። ንዳዱ፣ ሜጋ ዋቱ፣ ፊደሉ፣ ላቲኑ፣ ሁሉም የምንችላቸው ነበሩ። ይህ ግን አይቻልም። ከወሊድ ታሪክ የሚወጣ ስም ሁለት ሰው አብሮ የኖረውን ሰዓት ይይዛል፣ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰዓት አልኖሩም። እሱ ያንን መንገድ ለሰው ሁሉ እያሳቀ ነው ያወራው። እሷ ለአንድም ሰው አላወራችውም። ልጁን በቀን መቶ ጊዜ የምትጠራው ደግሞ እሷ ናት።

ለአማቻችን የነገረችው ራሷ ናት፣ እኔ አልገባሁበትም። በማግስቱ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ሳላውቅ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሌላ ስም ግን አልነበረውም። ናሆም፣ ኢዮኤል፣ ናታን ተባለ። ጥሩ ስሞች ናቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ግን በመዝገቤ ላይ ሁለት ሦስት አሉኝ። ስጠራ በአንዴ ነው «አቤት» የሚሉት።

ስሙን ያገኘችው እህቴ ናት፣ ጡት እያጠባች፣ እንደ ዋዛ። «ተሻገር ብንለውስ?»

ቤቱ ዝም አለ። እናታችን መከካቷን ትታ «የእኔ አጎት ስም እኮ ነው» አለች። አማቻችን ለራሱ ደጋገመው። ድልድዩም፣ ዳገቱም፣ ያ ምሽትም እዚያ ውስጥ አሉ። ወንዙ ብቻ የለም።

ተሻገርን እንደ ጊቤ ላየው ሞከርኩ። ፊደሉ አያሳስትም። የወንድ ስም ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ሲቆላመጥ ተሻ ይሆናል፣ አቶ ሲጨመርበት ይከብዳል፣ ለልጅ ልጅም ይሆናል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ የሽማግሌ ስም ነው። ዛሬ ተሻገር የሚባል ሕፃን ቶሎ አይገኝም።

ባነሩ

አንድ ችግር ቀረ። አማቻችን ለክርስትናው ባነር አሳትሞ ጨርሷል። ሁለት ሜትር ይሆናል፣ በትልቁ «ጊቤ» ይላል። ደብቆት ኖሮ ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው አወጣው። ይጣል ተባለ፣ ገንዘቡ አሳዘነን።

አያትየው፣ ሹፌሩ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድም ነገር አልተናገሩም። ባነሩን ዘረጉት፣ አዩት። ከስሙ በስተግራ ባዶ ቦታ አለ። «ማርከር አምጪ» አሉኝ። በእጃቸው ጽሑፍ፣ ቀስ ብለው፣ «አባ» ብለው ጨመሩበት። አባ ጊቤ።

መሃል ስም ባይኖረንም የፈረስ ስም አለን ለካ! ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ጅማን ደግሞ ይህን ማንም አያስተምራትም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ስማቸው መሐመድ ነው፤ ዛሬ ግን ኤርፖርታችንም፣ በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው ክለባችንም በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። «ፈረሱ የታለ?» አለ አማቻችን። አያትየው «የእኔ ኤንትሬ ይበቃዋል» አሉ። መኪናዋ ከተሸጠች ስንት ዓመቷ ነው። እህቴን አየኋት። ሳቀች። በሻማው ሌሊት ያጣኋትን ሳቅ አየሁት። አባ ጊቤ ሲባል የሚመጣው ሽማግሌውና መኪናቸው ናቸው፣ ወንበሩ አይደለም።

በ40ኛው ቀን ተጠመቀ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ሰጡት፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ባነሩ ሳሎን ተሰቀለ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ እነሱ ከክርስትናው በኋላ ቀበሌ ሄደው በተሻገር አስመዘገቡት።

በ6ኛው ሳምንት ክትባት ነበረው። እኔና እህቴ ይዘነው ሄድን፣ አያትየው ውጭ ባጃጅ ውስጥ ቀሩ። ነርሷ ካርድ እያነሳች «ማሙሽ!» ብላ ጠራች። ሦስት እናቶች ብድግ አሉ። እህቴ ካርዷን ተቀበለችና «ስም ወጥቶለታል፣ ይስተካከልልኝ» አለች። ነርሷ በእስክሪብቶ ማሙሽን ሰረዘችው።

«ማን ልበለው?»

«ተሻገር።»

ነርሷ እጇን አነሳች። «እሱ የአባቱ ነው እናቴ፣ የሕፃኑን ንገሪኝ።»